የዕለት ኑሮ፥ የእጅ ጥበብና የሥራ ፍለጋ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)






 የበዓል ንግግር ብዙውን ጊዜ ያለፈውን የሚያመሰግን ነው፤ ምስጋናውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያለፈውን ታሪክ መምህሮቻችንና ከእኛ በፊት የወጡት የቀድሞ ተማሪዎች ከእኛ ይልቅ አሳምረው ሊነግሩን ስለሚችሉ፥ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ተመካክረን ስለሚመጣው ልንናገር ወደድን። የመረጥነውም ነገር ከፍ ያለ ፍልስፍና አይደለም። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚህ በር ወጥተን ስንሄድ ቀናችንን በምን እንደምናሳልፍ፥ እንጀራችንን ከየት እንደምንፈልግ፥ እጃችን የለመደውን ደስ የሚያሰኝ ሥራም ምን እንደምናደርገው ነው።

አብዛኞቻችን ዘንድሮ 18 ዓመት ሞልቶናል፤ የቀረነውም ሊሞላን ተቃርቧል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ በስማችን ውል የምንዋዋል፥ ስለ ፊርማችንም የምንጠየቅ ሰዎች ነን ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ደግሞ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ስለዚህ በሕግ ዐይን ሙሉ ሰው ሆነናል፤ በፖሊሲው ዐይን ግን ገና ብዙ ዓመት ወጣት እየተባልን እንኖራለን። በቤታችን ዐይን ምን እንደ ሆንን ለመናገር ግን ያስቸግራል፤ ጀሪካን የሚሸከም ሲፈለግ ትልቅ ሰው ነን፥ በጨዋታ መካከል አሳብ ስንሰጥ ግን «አንተ ልጅ ዝም በል» እንባላለን።

ይህ የመካከል ዘመን ነው። ዘመድ በመጣ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ዘንድሮ ትጨርሳለህ አይደል? ከዚያስ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም «ከዚያስ?» የምትለው አጭር ቃል እንቅልፍ የምትነሣን መሆንዋን ዛሬ በግልጽ ብንናገር የምትቀየሙን አይመስለንም።

እውነቱን በቁጥር እንናገር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው መፈተን ከጀመሩበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያም በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኞች መካከል ከዘጠና የሚበልጡት ያን ነጥብ አላገኙም። ከእነርሱም ሬሜዲያል በተባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡ አሉ፤ ወደ ቴክኒክና ሙያ የሄዱ አሉ፤ በቀጥታ ሥራ ፍለጋ የወጡም ብዙዎች ናቸው።

ይህን የምንናገረው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም፤ መጽሐፋችንንም አጥፈን ልንቀመጥ አይደለም። እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ባለን ኀይል ሁሉ እናጠናለን። ነገር ግን በዓመት በዓሉ መድረክ ላይ ስለ ዶክተርነትና ስለ መሐንዲስነት ብቻ ተነግሮ ስለ ቀሩት ዝም የሚባል ከሆነ፥ ንግግሩ ለጥቂቶች ይሆንና ብዙዎች በጭብጨባው መካከል ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ደግሞም ዩኒቨርሲቲ የገባው ቢሆን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና አልፎ ሲመረቅ ያው ሥራ መፈለጉ አይቀርም። ስለዚህ ሥራ ፍለጋ ለሁላችንም የተቆረጠ ቀጠሮ ነው፤ የአንዳንዳችን ዘንድሮ፥ የሌላችን ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ስለ ሥራ ፍለጋ

ከእኛ በፊት የወጡትን ታላላቆቻችንን ጠይቀን የተረዳነው የመጀመሪያው ነገር ሥራ ፍለጋ ራሱ ሥራ መሆኑን ነው። ሰዓት አለው፥ ወጪ አለው፥ ድካም አለው፤ የሌለው ደመወዝ ብቻ ነው።

በቀደመው ጊዜ ሥራ ፈላጊ ማስታወቂያ የሚያገኘው በሰሌዳ ላይና በጋዜጣ ነበር። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተውን አዲስ ዘመንን የመሳሰሉ ጋዜጦች የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ይዘው ሲወጡ፥ በከተማችን በአዲስ አበባ ዐራት ኪሎ አካባቢ የመግዣ ገንዘብ ያጠረው ሰው ጋዜጣውን በጥቂት ሳንቲም ተከራይቶ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ያነብና አድራሻውን ገልብጦ ጋዜጣውን ይመልስ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያጫውቱናል። ዛሬ ማስታወቂያው በአብዛኛው በቴሌግራም በኩል በእጃችን ስልክ ውስጥ ይመጣል። መምጣቱ ቀሏል፤ ማግኘቱ ግን አልቀለለም። እኛ ያየነውን ማስታወቂያ በዚያው ደቂቃ ሺህ ሰው ያየዋልና።

የማስታወቂያው ቋንቋ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። «ተፈላጊ ችሎታ»፥ «የሥራ ልምድ»፥ «ብዛት»፥ «ደመወዝ በስምምነት»፥ «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ»፥ «ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዞ በአካል መቅረብ» የሚሉትን ቃላት በልባችን ልንይዛቸው ይገባል። ከሁሉ ይልቅ የምንወደው ቃል «0 ዓመት» የሚለው ነው፤ ልምድ የሌለውም ሰው ማመልከት ይችላል ማለት ነውና። ከሁሉ ይልቅ የምንፈራው ደግሞ «ዋስ ማቅረብ የሚችል» የሚለው ነው፤ ለገንዘብ ተቀባይነትና ለዕቃ ቤት ሥራ ይህ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። የእኛ የትምህርት ውጤት ምንም ቢያምር ዋስ የሚሆነን ሰው ከሌለ በር ላይ እንቀራለን። ዋስ የሚገኘው ደግሞ በማስታወቂያው ቀን ተሩጦ ሳይሆን፥ ከዚያ በፊት በጎረቤትና በዘመድ ዘንድ በታመነ ጠባይ ነው። ስለዚህ ለሥራ መዘጋጀት የሚጀመረው ማመልከቻ ከመጻፍ አስቀድሞ፥ የተበደሩትን መጽሐፍ በጊዜው ከመመለስና በተቀጠሩበት ሰዓት ከመገኘት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወጪውንም ማሰብ ያስፈልጋል። የታክሲ፥ የፎቶ ኮፒ፥ የጉርድ ፎቶግራፍ፥ የስልክ፥ እነዚህ እያንዳንዳቸው ጥቂት ናቸው፤ ሲደመሩ ግን እናታችን ለሳምንት አስቤዛ ያስቀመጠችውን ይነካሉ። ሥራ ፈላጊ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ይህን ያውቃል።

ደግሞም በመንገዱ ላይ አታላይ አለ። ሥራ ሳይሰጥ በፊት «ለምዝገባ» ወይም «ለሥልጠና» እያለ ገንዘብ የሚጠይቀውን፥ መሥሪያ ቤቱ የት እንደ ሆነ ሲጠየቅ በስልክ ብቻ የሚመልሰውን ሰው እንድንጠራጠር ታላላቆቻችን ደጋግመው መክረውናል። ችግር የያዘው ሰው ለማመን ይቸኩላል፤ ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ሥራ ፈላጊው ቀኑን እንዴት ይውላል?

ታላላቆቻችንን ስንጠይቅ ያልጠበቅነው ነገር ሰማን። ከሁሉ የከበዳቸው ገንዘብ ማጣቱ ወይም «አልተቀበልንህም» መባሉ እንዳልሆነ ነገሩን። የከበዳቸው ቀኑ ነው። ተማሪ ሳሉ ደወል ያስነሣቸዋል፥ ደወል ያስገባቸዋል፥ ደወል ያስወጣቸዋል። ትምህርት ካለቀ በኋላ ግን ደወሉ ዝም ይላል። በመጀመሪያው ወር ጧት ተነሥተው ማስታወቂያ ያነባሉ። በሦስተኛው ወር ረፋድ ላይ ይነሣሉ። በስድስተኛው ወር እኩለ ሌሊት ድረስ ስልክ ሲያዩ አምሽተው ከሰዓት በኋላ ይነሣሉ። ጎረቤት «ዛሬም ቤት ነህ?» እንዳይላቸው በጓሮ በር ይወጣሉ። «ሥራ ፈት» የምትለዋ ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሳትወጣ እነርሱ ራሳቸው በልባቸው ይሏታል። ያን ጊዜ የማመልከቻ ወረቀት ቢሰጣቸው እንኳ ለመጻፍ እጃቸው ይከብዳል።

የሴቶች እኅቶቻችን ነገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ወንዱ ሥራ ሲያጣ «ቤት ተቀመጠ» ይባላል፤ ሴቷ ሥራ ስታጣ ግን ቤት የምትሠራው እጥፍ ይሆናል። ማብሰሉ፥ ማጠቡ፥ ታናናሾችን ማሳደጉ፥ የታመመ ማስታመሙ ሁሉ «እርስዋ አለች አይደል» ተብሎ ይጫንባታል። የሥራ ፍለጋ ሰዓትዋ ከቀኑ ውስጥ ይጠፋል። ይህን ያሉን ታላላቅ እኅቶቻችን ናቸው፤ እኛም እውነት መሆኑን በየቤታችን እናያለን።

ስለ እጅ ጥበብና ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራ

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንመጣለን። አባቶቻችን «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላሉ። ተረቱ የሚነገረው ከንቱ ሥራ በያዘ ሰው ላይ ለመቀለድ ነው። እኛ ግን በክፍላችን ስለዚህ ንግግር ስንከራከር አንዲት ጓደኛችን ተነሥታ «መነኩሴው ቢያንስ መስፋት አልረሳም» ብላ አሳቀችን። ከሳቁ በኋላ ነገሩን ስናስበው ፍሬ አገኘንበት። ቆቡን መቅደዱ ስንፍና ነው እንበል፤ መርፌና ክር ከእጁ አለመለየቱ ግን ስንፍና አይደለም። ነገ የሚሰፋ ጨርቅ ቢመጣለት እጁ ይታዘዘዋል።

ከእኛ አንዳንዶቻችን ፊደል የቆጠርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ ጊዜ ነበረን፤ ወንዶችም ሴቶችም ሳይለዩ ቁልፍ እንተክል፥ የተቀደደ መጽሐፍ እንጠርዝ፥ ችግኝ እናጠጣ ነበር። ያን ጊዜ እንደ ቅጣት ይመስለን ነበር። ዛሬ ግን ከሒሳቡና ከሰዋስዉ እኩል የምናስታውሰው እርሱን ነው፤ ያን ጊዜ የጀመርነውን ነገር የመጨረስ ልማድ ከዚያ አግኝተናልና።

በክፍላችን ያሉትን ብንቆጥር ሥዕል የሚሥል አለ፥ ክራር የሚመታ አለ፥ ጥልፍ የምትጠልፍ አለች፥ ግጥም የሚገጥሙ አሉ፥ የተበላሸ ሬዲዮ የሚፈታታ አለ፥ ከአያትዋ ስፌት የተማረች፥ ስንደዶና አክርማ በወስፌ አያይዛ በአለላ ያጌጠች ትንሽ ሞሰብ የሠራች አለች። እነዚህን ሁሉ ሰው «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ይላቸዋል። ስሙ ግን አያረካንም፤ ጊዜ ያለ ማሳለፊያም ያልፋልና። ሌሎች የሠሩትን ተንቀሳቃሽ ሥዕል በስልክ እያዩ አራት ሰዓት መቀመጥ ጊዜን ማሳለፍ ነው። አራት ሰዓት ተቀምጦ አንዲት ቅጠል በጨርቅ ላይ መጥለፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በመጨረሻው ሰዓቱ ሲያልፍ ቅጠሏ ትቀራለች።

እንዲህ ስንል አንዳንድ ጓደኞቻችን የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ይጠቅሱልናል። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአንኮበር ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። በዚያ ሳሉ ወደ ሥዕል ዞሩና በለንደን ስሌድ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። አቶ ሙላቱ አስታጥቄም በጅማ ተወልደው ወደ ዌልስ ሲሄዱ የታሰበላቸው ምሕንድስና ነበር፤ እርሳቸው ግን ሙዚቃን መርጠው በለንደን በትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፥ በኋላም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በበርክሊ ተምረው ኢትዮ ጃዝ የተባለውን የሙዚቃ ዐይነት መሠረቱ። ጓደኞቻችን ይህን ካወሩ በኋላ «እንግዲህ እኛም ደብተሩን ጥለን ክራሩን እናንሣ» ይላሉ።

ይህ ታሪኩን በግማሽ ማንበብ ነው። ሁለቱም ሰዎች ከአንድ ትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ገቡ እንጂ ከትምህርት አልወጡም። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የሥዕል ትርኢት ካሳዩ በኋላ እንኳ «በቃኝ» አላሉም፤ ወደ አውሮፓ ተመልሰው ሌላው ቀርቶ የባለ ቀለም መስታወት አሠራር ተማሩ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥራቸው የዚያ ትዕግሥት ፍሬ ነው። ደግሞም በዚያው ዘመን ምሕንድስና ሊማሩ ሄደው መሐንዲስ ሆነው የተመለሱት ስማቸው እንደ እነዚህ በሰው አፍ አልተነሣም፤ የሠሩት መንገድና ድልድይ ግን ሰው ያሻግራል። ታሪክ የሚያስታውሰው ጥቂቱን ነው። እኛ መኖር ያለብን ግን ታሪክ ባያስታውሰንም ነው።

ስለዚህ የእኛ አሳብ እንዲህ ነው፤ የእጅ ጥበብ ለሥራ ፈላጊ ወጣት የዝና መሰላል አይደለም፤ የእንጀራ ምትክም ወዲያው አይሆንም። የሚሰጠው ጥቅም ግን እነሆ ሦስት ነው።

አንደኛ፥ ለቀኑ ደወል ይሆነዋል። ጧት ማስታወቂያ ፈልጎ፥ ማመልከቻ ጽፎ፥ ከሰዓት በኋላ ለእጁ ሥራ የወሰነ ሰው ቀኑ አይፈርስበትም። ማታ ሲተኛ «ዛሬ ሥራ አላገኘሁም» ቢል እንኳ «ዛሬ ምንም አልሠራሁም» አይልም።

ሁለተኛ፥ የሚያሳየው ነገር ይሰጠዋል። ቀጣሪ «ምን ትችላለህ?» ሲል ብዙዎቻችን አንገታችንን ደፍተን «ማንኛውንም ሥራ» እንላለን። ማንኛውንም ሥራ የሚል ሰው ግን ምን እንደሚችል አልተናገረም። «ይህን ጠረጴዛ እኔ ሠርቼዋለሁ፥ በዚህ ቦታ ስሕተት ነበረበት፥ እንዲህ አድርጌ አቃናሁት» ለማለት የሚችል ልጅ የአናጢነት ሥራ ባያመለክትም እንኳ ትዕግሥቱ ይታያል።

ሦስተኛ፥ የዋጋን ነገር ያስተምረዋል። ጥልፍ የምትጠልፈው ጓደኛችን ባለፈው ክረምት አንድ የጠረጴዛ ልብስ ጠልፋ በ700 ብር ሸጠች፤ ሁላችንም አደነቅናት። እርስዋ ግን ደብተር አውጥታ ጻፈች፤ ጨርቁና ክሩ 400 ብር፥ የቀራት 300 ብር፥ የፈጀባት ስድስት ቀን፥ የቀን ድካምዋ ዋጋ 50 ብር። «በዚህ ዋጋ ሰው አይኖርበትም» አለች። ከዚያም ነገሩን አልተወችውም፤ ሐሳብዋን ለሁለት ከፈለችው። ለገበያ በአንድ ቀን የሚያልቅ ትንሽ ጥልፍ ትሠራለች፤ ትልቁንና ውቡን ግን ለራስዋና ለእናትዋ ታስቀምጠዋለች። ይህች ልጅ የንግድ ትምህርት ቤት ሳትገባ ሒሳብ አያያዝን ጀመረች ማለት ነው።

ክራር የሚመታው ጓደኛችን በዚህ አልተስማማም። ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፥ አራቱንም ቅኝቶች ለመለየት ሁለት ዓመት ደክሞባቸዋል። «ቀኑን ሙሉ ስሸጥ ብውል፥ ማታ የማልሸጠው አንድ ነገር ሊኖረኝ ይገባል» አለን። በዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻም ሁለቱም ትክክል ናቸው አልን። እጅ የሠራውን ሁሉ ወደ ገበያ ማውጣት ግዴታ አይደለም፤ ሰውም የሚያድነው እንጀራ ብቻ አይደለም።

ሕጉን ስለ ማወቅ

ሥዕል የሚሥለው ጓደኛችን ለአንድ ሱቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥሎ ዋጋውን «ነገ፥ ከነገ ወዲያ» እየተባለ ወራት አለፉ፤ እስከ ዛሬ አልተከፈለውም። ቃል እንጂ ወረቀት አልነበረምና የሚያሳየው ነገር የለውም። ከዚህ የተነሣ ሁላችንም ሕጉን ማንበብ ጀመርን። ለታናናሾቻችንም ይጠቅማል ብለን ጥቂቱን እንነግራችኋለን።

በግል ድርጅት ስለሚቀጠር ሠራተኛ የሚናገረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአዋጁ መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊቀጠር አይችልም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፥ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊያሠሩት አይፈቀድም። ከዚያ በላይ ያለው ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፥ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ መሆን ይገባዋል፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ግን ይህ ነው፤ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዐይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ግዴታ አለበት። ይህ ወረቀት ለእኛ ወርቅ ነው። ሦስት ወር ዕቃ በመደርደር የሠራ ልጅ ይህን ወረቀት ካልያዘ በሚቀጥለው ማስታወቂያ ፊት ያው «0 ዓመት» ነው።

ለወላጆች፥ ለመምህራንና ለታናናሾቻችን

አገራችን የእጅ ሥራን የናቀችበት ዘመን ረጅም ነው። ሸማኔው፥ ቀጥቃጩና ፋቂው ሁሉ በሠሩበት እጃቸው ይሰደቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። ያ ስድብ ዛሬ በግልጽ አይሰማ ይሆናል። ነገር ግን ልጅ ከቢሮ በቀር ሌላ ሥራ ሲይዝ ለዘመድ መናገር የሚያሳፍረው ቤት ካለ፥ ንቀቱ ልብሱን ለውጦ ቤታችን ተቀምጧል ማለት ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ለእኛ የከፈላችሁትን ዋጋ እናውቃለን። እናንተ ሳትበሉ ያበላችሁን፥ የራሳችሁን ጫማ ሳትለውጡ ደብተር የገዛችሁልን መሆኑን አይተናል። ስለዚህ ሥራ ስናጣ ከሁሉ የሚያሳፍረን የእናንተ ፊት ነው። ሦስት ነገር ግን እንለምናችኋለን። ከሰዓት በኋላ እርሳስ ወይም መርፌ ይዘን ስታዩን «ጨዋታ ላይ ነው» አትበሉን። የሴቶች ልጆቻችሁን የሥራ ፍለጋ ሰዓት እንደ ወንዶቹ አክብሩላቸው፤ ድስቱን ወንድም ልጅ ቢጥደውም ይበስላል። ጎረቤት «ልጅሽ ምን ያዘ?» ሲል ደግሞ «ሥራ ይፈልጋል፥ እየሠራም ይማራል» በሉልን፤ በዚህ አንድ ቃል ብዙ ቀን እንበረታለን።

ውድ መምህሮቻችን፤ ያስተማራችሁን ብዙ ስለ ሆነ ሌላ መጠየቅ ያሳፍረናል። ቢሆንም ቢቻል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሥዕሉ ክፍልና የእጅ ሥራው ክፍል ለወጡት ተማሪዎችም ክፍት ቢሆን፥ ማመልከቻ መጻፍና ለጥያቄ ቀርቦ መመለስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጥቂት ልምምድ ቢደረግበት፥ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ብዙ ይጠቀማሉ።

ታናናሾቻችን ሆይ፤ እናንተ ገና ጊዜ አላችሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራችሁ አንድ የእጅ ሥራ ያዙ፤ አምስት ጀምራችሁ አምስቱንም ከምትተዉ አንዱን ጨርሱ። ሬዲዮ የሚፈታታው ጓደኛችን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሬዲዮኖች ፈትቶ ሊገጥማቸው አልቻለም ነበር፤ አራተኛው ግን ተናገረ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ቃላችን

ለሌላው ብቻ መክረን እንዳንቀር እኛም እርስ በርሳችን ቃል ተግባብተናል። ትምህርት ከጨረስን በኋላ በወር አንድ እሑድ እንገናኛለን። ያየነውን ማስታወቂያ እንካፈላለን፤ ለራሱ የማይሆነውን ማስታወቂያ የሚደብቅ አይኖርም፤ ለራሱ የሚሆነውንም ቢሆን አይደብቅም። ትንሽ ዕቁብ እንጥላለን፤ ዕጣው ለጥያቄ ለተጠራው ሰው ለታክሲና ለፎቶ ኮፒ ቅድሚያ ይሰጣል። እያንዳንዳችን ባለፈው ወር በእጃችን የጨረስነውን አንድ ነገር ይዘን እንመጣለን፤ ግጥምም ይሁን፥ ሞሰብም ይሁን፥ የተጠገነ ወንበርም ይሁን። መጀመሪያ ሥራ ያገኘው ሰው ደግሞ እንዴት እንዳገኘው ለቀሩት ይነግራል፤ በዘመድ አግኝቶት እንደ ሆነም እውነቱን ይናገራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ከእኛ ማን ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ፥ ማን በሚቀጥለው ዓመት ሱቅ ውስጥ ቆሞ እንደሚሸጥ፥ ማን ገና በር እያንኳኳ እንደሚሆን ዛሬ አይታወቅም። አንድ ነገር ግን ወስነናል። «ከዚያስ?» ተብለን ስንጠየቅ አንገታችንን አንደፋም። «ጧት እንጀራ እንፈልጋለን፥ ከሰዓት በኋላ እጃችንን እናስተምራለን፥ በወር አንድ ቀን ጓደኞቻችንን እንጠይቃለን» ብለን እንመልሳለን። ይህ ትልቅ መልስ አይደለም፤ ነገር ግን በእጃችን ያለ መልስ ነው።